ጋሽ ዘበርጋና ሳሙና የምታህለው ካሜራ

ጋሽ ዘበርጋ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። አራስ ነበርኩ። በቀዶ ጥገና ስለተገላገልኩ ሐኪሟ «ምንም እንዳያስደነግጣት» ብላ ነበርና፣ ባለቤቴ ይህችን ቃል እንደ ግዝት ይዞ ከወልቂጤ የተደወለለትን ስልክ ዋጥ አድርጎ ዝም አለ። ልጃችን ክርስትና በተነሣ ማግስት ሁለት ጎረቤቶች አስከትሎ ገባና ወለሉን እያየ ነገረኝ።

የሌላ ሰው መርዶ ቢሆን አልቀየመውም ነበር። አራስ መርዶ እንደማይነገራት አውቃለሁ፤ እኔም በወግ ያደግኩ ሰው ነኝ። የጋሽ ዘበርጋ ግን ሌላ ነው። በዚህ አገር መርዶው ሊደበቅ የማይገባ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ። ያን ዕለት ለባለቤቴ እየጮህኩ የነገርኩትን አሁን ረጋ ብዬ ልጻፈው፤ እሱም ረጋ ብሎ ያንብበው።

ወልቂጤ የተመደብኩት ከኮሌጅ በወጣሁበት ዓመት ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣሁ፣ ጉራግኛ አንድ ቃል የማልሰማ፣ የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። ጋሽ ዘበርጋ የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ነበሩ። ቾኩ፣ ዳስተሩ፣ ሉሉ፣ የተሰበረው ዴስክ፣ ለእንግሊዝኛ ትምህርት የተገዛው ቴፕ፣ ሁሉም በእሳቸው ቁልፍ ሥር ነው። ቁልፎቹን በሲባጎ አስረው ከቀበቷቸው ስለሚያንጠለጥሉ እሳቸው ከመድረሳቸው በፊት ኳኳታቸው ይደርሳል። አንድ ፓኮ ቾክ ሊወስድ የሄደ መምህር ሩብ ሰዓት ምክር ሳይሰማ አይመለስም።

«ዕቃ እንደ ሰው አይደለም» ይላሉ። «ሰው ስትጠሪው ይመጣል። ዕቃ ግን እዚያው ያስቀመጥሽው ቦታ ነው የሚጠብቅሽ።»

አንድ ልማድ ነበራቸው። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ ከየክፍሉ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ያወጣሉ። ከቴፑም ያወጣሉ። የራሳቸውን የእጅ ባትሪ እንኳ አብርተው ሲያበቁ ድንጋዩን አውጥተው በሌላ ኪስ ይይዙታል። «ባትሪ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይፈሳል፤ ሲፈስ ደግሞ ያስቀመጠውን ቤት ይበላል» ነበር ቃላቸው። እኔ በዚህ እስቅባቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በጾሜ ይስቁብኛል። እሳቸው ጴንጤ ናቸው። «ዛሬም ጾም ነው? ኧረ እናንተ ኦርቶዶክሶች ለበሬው ነው የምታዝኑለት!» ይሉኛል። የገዛ እናታቸው ግን ረቡዕና ዓርብን በልተው የማያውቁ ኦርቶዶክስ ነበሩ። ልጃቸው ሃይማኖት ሲቀይር «ይሁን፤ ጸሎት በበዛ አይጎዳም» ብለው አልፈውታል አሉ።

እኚህ እናት፣ እማማ ይርገዱ፣ ደጋው ላይ ከአረቅጥ አለፍ ብሎ ባለ መንደር ይኖራሉ። ከወለዷቸው ልጆች ሁለት ብቻ ቀርተዋቸዋል፤ የበኩሩ ጋሽ ዘበርጋና የመጨረሻው ብርሃኑ። ብርሃኑ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ትንሽ ሱቅ ከከፈተ ሰባት ዓመት አልፎታል። ጋሽ ዘበርጋ ይህን ወንድማቸውን በጀርባቸው አዝለው ነው ያሳደጉት። ስለሱ ሲያወሩ «ልጄ» ሊሉ ይጀምሩና «ወንድሜ» ብለው ያርሙታል።

አንድ ሰኞ የመምህራን ማረፊያ ድረስ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እናቴ ትናንት ምን አለችኝ መሰለሽ? ስልክ የሚሰማበት ጉብታ ላይ ወጥታ ከብርሃኑ ጋር አወራች። ሲጨርሱ ግን እንደ ድሮው አልሳቀችም። ‹ፊት የሌለው ድምፅ ያስፈራኛል› አለችኝ። ‹ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፅ ብቻ። ፊቱን አሳየኝ› አለችኝ።»

«ፎቶ ይላክላቸዋ።»

«ፎቶ አላት። ፎቶ አይስቅም ትላለች።»

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው የካሜራው ነገር የመጣው። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ቪዲዮ የምታነሣ፣ ኪስ የምትገባ፣ ደመወዛቸውን የማትውጥ ትንሽ ካሜራ ገዝተው እናታቸውን ያነሣሉ። ከውስጧ ያለችውን ከጥፍር የማትበልጥ ካርድ በመንገደኛ እጅ ለብርሃኑ ይልካሉ። እሱም እዚያ ራሱን አንሥቶ ካርድ ይልካል፤ ካርዱ ካሜራው ውስጥ ይገባና እማማ ይርገዱ ልጃቸውን ሲስቅ ያያሉ። ወልቂጤ ውስጥ የነበሩት ካሜራዎች ግን ትከሻ ላይ የሚጫኑት፣ ሠርግ የሚቀርጹት ናቸው። ጥሩ የሚያነሣ ሞባይልም ያኔ የባለጸጋ ዕቃ ነበር።

ቡታጅራ ለሥልጠና የተጠራን ጊዜ ጋሽ ዘበርጋ የቤተ ሙከራ ዕቃ ሊረከቡ አብረውን ሄዱ። በምሳ ሰዓት እጄን ይዘው አንድ ሱቅ ወሰዱኝ። ባለሱቁ ሸምሱ የሚባል ወጣት ነው፤ ወንድሙ ከዱባይ ዕቃ ያመጣለታል። «አሰላሙ አለይኩም» አሉት ጋሽ ዘበርጋ፣ እሱም «ወአለይኩም ሰላም ጋሼ» ብሎ ሦስት ካሜራ መስታወቱ ላይ ደረደረልን።

የመጀመሪያዋ የብር ቀለም ያላት፣ ቀጠን ያለች፣ ዓይን የምትስብ ናት። እኔ ወዲያው ወደድኳት። ጋሽ ዘበርጋ ገለበጧትና «ባትሪዋ የታለ?» አሉ።

«ውስጧ ነው ጋሼ። አይወጣም። ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ቻርጅ ያደርጓታል።»

«እናቴ ቤት እንኳን ኮምፒውተር መብራትም የለ።» አስቀመጧት።

ሁለተኛዋ መስታወቷ ሰፊ ነው፤ ድምፅ የምታሰማው ግን ጆሮ ላይ በሚደረግ ሽቦ ወይም ቴሌቪዥን ላይ ስትሰካ ብቻ ነው። እሷንም ገፋ አደረጓት። ሦስተኛዋ ወፈር ያለች፣ ጥቁር ፕላስቲክ፣ የልብስ ሳሙና የምታህል ነበረች። ማቅረብ ማራቅ የላትም። የምትሠራው እንደ ሬዲዮ በሁለት ድንጋይ ነው። ሸምሱ ራሱ አፍሮባት ነበር።

«ጋሼ፣ እሷ የልጆች መጫወቻ ናት። ጥራት የላትም።»

«የኔ እናት ጥራት አላለችኝም። ልጄን ነው ያለችኝ።»

ከዚያ ያደረጉትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሦስቱንም አስፈቅደው ይዘው ወጡ። ሱቁ ደጃፍ ላይ አንዲት አሮጊት ማዳበሪያ አንጥፈው የማረቆ በርበሬ ይሸጡ ነበር። ጋሽ ዘበርጋ ፊታቸው ቁጢጥ አሉና በሦስቱም ካሜራ በየተራ ሴትዮዋን እያናገሩ አነሷቸው። ቀጥሎ እያንዳንዷን እያቀረቡ «እማማ፣ ማን ይታይዎታል?» ማለት ጀመሩ። የመጀመሪያዋ ላይ «ፀሐይ ነው የሚያንጸባርቀው፤ ምንም የለም» አሉ። ሁለተኛዋ ላይ ትንሽ አፍጥጠው «ሰው ነው መሰለኝ፤ ዲዳ ነው?» አሉ። ሳሙናዋን ሲያቀርቡላቸው በዚያ በባጃጅ ጩኸት መሃል የራሳቸው ድምፅ ወጣ። አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ያዟት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይቺማ እናቴ ናት» አሉ። «የኔን እናት ከየት አገኛችኋት?»

ራሳቸውን ከእናታቸው ለይተው እስኪያውቁ ድረስ ጊዜ ወሰደ። ሲያውቁት ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጋሽ ዘበርጋ ወደ ሸምሱ ዞረው «ይህችን ጠቅልልልኝ» አሉት። በመንገዱ ሁሉ ካሜራዋ የደረት ኪሳቸው ውስጥ፣ ሁለቱ ድንጋዮች ሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ነበሩ።

ሁለት ዓመት ያህል ካርዶቹ ሄዱ፣ መጡ። ሦስት የብርሃኑ ካርዶች ነበሩ። እማማ ይርገዱ ካሜራዋን ስሟን ጠርተው አያውቁም፤ «ብርሃኑን አምጣልኝ» ነው የሚሉት። መጀመሪያ እንደ ስልክ ጆሯቸው ላይ ይለጥፏታል፣ ቀጥለው ዓይናቸው ሥር ያመጧታል፣ ሲያበቃ መስታወቷን ስመው «ድገምልኝ» ይላሉ። አምስቴም ስድስቴም «ድገምልኝ» ይላሉ። ጋሽ ዘበርጋ ሰኞ ሰኞ ትምህርት ቤት ሲመጡ መስታወቷ ላይ የቀረውን የእናታቸውን ቅቤ በመሐረብ እየጠረጉ ይህን ሁሉ ይተርኩልኛል። እንደዚያ ደስ ብሏቸው ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ ነሐሴ መጨረሻ፣ ምዝገባ ላይ ሳለን ብርሃኑ ሞተ። የመኪና አደጋ ነው። አስከሬኑን ማምጣት ስላልተቻለ እዚያው ያሉ ያገሩ ልጆች ቀበሩት። ወሬው ጋሽ ዘበርጋ ጋ ሲደርስ ወልቂጤ ያሉ ዘመዶች አጎታቸው ቤት ተሰበሰቡ። የአጎታቸው ቃል አንድ ነበር፤ «መስቀል ይለፍ።»

የጉራጌ መስቀል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ይህ ላይገባው ይችላል። ከያለበት ሁሉ ወደ ቤት ይገባል፤ ከብቱ ይታረዳል፤ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመው ደስታ በዚያች ሳምንት ነው የሚበላው። በዚያ መሃል መርዶ መጣል ቤቱን ብቻ ሳይሆን መንደሩን በሙሉ ማስለቀስ ነው። ስለዚህ ይቆያል። ክፋት የለበትም፤ ፍቅር ነው። ችግሩ እማማ ይርገዱ በየመስቀሉ የብርሃኑን አዲስ ካርድ የሚጠብቁ መሆናቸው ነበር።

«ያምናውን አሳያት» አሉ አጎታቸው። «አሮጊት ናት፤ ዓይኗ ደክሟል። አትለየውም።»

ጋሽ ዘበርጋ «ትለየዋለች» አሉ። አንዴ ብቻ አሉ።

ያንን አንድ ወር እንዴት እንዳሳለፉት አይቻለሁ። ጥቁር መልበስ አይችሉም። ፊታቸውን ማጥቆር አይችሉም። ከደጋው ሰው በየቀኑ ለገበያ ወደ ወልቂጤ ይወርዳል፤ አንድ ሰው ካያቸው ወሬው በማግስቱ እናታቸው ዘንድ ነው። አንድ ቀን ቾክ ፈልጌ ስሄድ ንብረት ክፍሉ ከውስጥ ተዘግቷል። የእንግሊዝኛው ቴፕ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ አንድ ፈረንጅ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሻንጣው ስለጠፋበት መንገደኛ ጮክ ብሎ ያነባል። መጀመሪያ ምን ነካቸው ብዬ ነበር። በኋላ ጆሮዬን አቅርቤ ስሰማ ከፈረንጁ ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ አለ። ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ያን ጊዜ አንኳኩቼ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለመስቀሉ እኔንም ጋበዙኝ። «ደጋችንን እዪው» አሉኝ። በመንገድ ላይ ግን እውነቱን አወጡት። «እንግዳ ካለ እናቴ አጥብቃ አትጠይቀኝም። አንቺን እንደ ጋሻ ነው የያዝኩሽ፤ ይቅር በይኝ።» እኔም ተስማማሁ። መዋሸቱን አብረን ነው የዋሸነው።

መንደራቸው በሰፊው ሣር መንገድ፣ በጀፎረው፣ ግራና ቀኝ የተደረደረ ነው። ከየቤቱ ጓሮ እንሰቱ ብቅ ብሎ ይታያል። እማማ ይርገዱ ትንሽ፣ ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ፤ አገጬን ይዘው እያገላበጡ አዩኝና በጉራግኛ አንድ ነገር ተናገሩ። «ከሲታ ናት ትልሻለች» አሉኝ ጋሽ ዘበርጋ። በዋዜማው ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ «ብርሃኑን አምጣልኝ» አሉ። ጋሽ ዘበርጋ ድንጋዮቹን ከኪሳቸው አውጥተው ከተቱና ካሜራዋን በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው። ፊታቸውን አላየሁም፤ እኔም ወደ እንሰቱ ዞሬ ነበር። የብርሃኑ ድምፅ ወጣ፤ ሳቀ፤ ሱቁን አሳየ፤ ተሰናበተ።

እማማ ይርገዱ መስታወቷን ሳሙ። «ጤነኛ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ በአማርኛ፤ ለእኔ መሆኑ ነው። ካሜራዋን መለሱ። አጎትየው ትንፋሻቸው ሲመለስ ተሰማኝ። ያን ዕለት «ድገምልኝ» አለማለታቸውን ማናችንም ልብ አላልንም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ከሩቅ የመጣው ሰው መመለስ ሲጀምር፣ እማማ ይርገዱ ዱካቸውን፣ አጭሯን በርጩማ፣ አስወጥተው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። ለብርሃኑ መልስ ልላክ አሉ። ልማዳቸው ነው። ጋሽ ዘበርጋ ፈቀቅ ብለው ካሜራዋን ደቀኑ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። እማማ ይርገዱ መናገር ከመጀመራቸው በፊት ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ዘረጉት፤ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጠው አንገታቸው ሥር አዘቅዝቀው ለበሱት። ኀዘንተኛ እንደሚለብሰው።

ጉራግኛ አለመስማቴ የጠቀመኝም የጎዳኝም ያን ቀን ነው። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ካሜራዋን እያዩ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ጋሽ ዘበርጋ መቅረጹን አላቋረጡም። በመጨረሻ እናትየው ዓይናቸውን ከካሜራዋ ወደ ልጃቸው ፊት አነሡና አንድ አጭር ነገር አሉ። ጋሽ ዘበርጋ ካሜራዋን ሣሩ ላይ አስቀምጠው እናታቸው ጉልበት ላይ ወደቁ። ከዚያ ለቅሶው ተነሣ፤ ጀፎረው በሰው ሞላ።

ወደ ወልቂጤ ስንመለስ እናቴ ረገመችኝ ብለው ያሰቡ መሰለኝ። ምናልባት እንደዚያ ያሰብኩት እኔ ነኝ። «ምን አሉዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ተዪው» አሉኝ። መልሰው ግን እንዲህ አሉ፤ «ዓይኗ እንዲያይ ብዬ የመረጥኩትን ካሜራ፣ ዓይኗ አያይም ብዬ ሰጠኋት። ይኼ ነው የኔ ጥፋት። ሌላውን ተዪው።»

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ተለወጡ። እናታቸው በዓመቱ አረፉ፤ ካሜራዋ ኪሳቸው ውስጥ ዳግም አልታየችም። በእርግጥ ጨዋታቸው ተመልሷል፤ በጾሜም መሳቃቸውን አልተዉም። ነገር ግን መርዶ ሲመከርበት ከሰሙ አይቀመጡም። «መርዶ ሲያድር አይበርድም» ይላሉ። «ሰውየው የሞተው ዛሬ ነው፤ ለእናቱ ግን በወሩ ትገድሉባታላችሁ። ያንን ወር ማን ይመልስላታል?» በዚህ ምክንያት ብዙ ሽማግሌ ተቀይሟቸዋል። አንዳንዱ ሰው ከሩቅ ሲያያቸው ያማትብ ጀመር፤ «ለማን ሊነግሩ ይሆን?» እያለ። እሳቸው ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ።

በሁለተኛው ዓመት ተራው የኔ ሆነ። አስተምራለሁ። የክፍሉ በር ተንኳኳና የጋሽ ዘበርጋ ቁልፎች ድምፅ ተሰማኝ። ወደ ውጭ ጠሩኝ። ከኋላቸው ርዕሰ መምህሩ እየሮጠ «ቆይ ጋሽ ዘበርጋ! ታመው ነው እንበላት! ከሰዓት መኪና ፈልገን…» ይላል። እሳቸው ሁለቱንም ትከሻዬን ያዙ።

«አባትሽ አርፈዋል። ዛሬ ጠዋት። አሁን ነው የተደወለው። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይቀበራሉ። መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ ከሄድሽ ትደርሻለሽ።»

ጮህኩ። ደረታቸውን መታሁት። ጨካኝ አልኳቸው፤ ምን ያላልኳቸው አለ? አልተንቀሳቀሱም። አሳፍረውኝ እሳቸውም አብረውኝ ገቡ፤ እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያም እስከ ደብረ ብርሃን አጠገቤ ተቀመጡ። የአባቴን ፊት ሳይሸፈን አየሁት። ግንባሩን ሳምኩት። ጂማ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ግን «አባባ ትንሽ አሞታል» ተብሎ በሦስተኛው ቀን ነው የደረሰው፤ የሳመው አፈር ነው። ወንድሜ ዛሬም በዚህ ነገር ከቤተሰቡ ጋር አልታረቀም። እኔ ለጋሽ ዘበርጋ ምስጋናዬን የነገርኳቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። «ይቅርታ ጠይቂ እንጂ» አሉኝ፤ «ደረቴን አሳምመሽኛል።»

ከዚያ አገባሁ፤ ተዛወርኩ፤ በስልክ ብቻ ሆንን። በየመስቀሉ ይደውሉልኝ ነበር። መታመማቸውን አልነገሩኝም፤ ይህን ብቻ ደበቁኝ።

ልጄ ሦስት ወር ሲሞላው አዝዬው ወልቂጤ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ምሕረት አቅፈውኝ አለቀሱ፤ ልጄን ከጀርባዬ አውርደው አልጋው ላይ አስተኙት። ከዚያ ከመጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። ካሜራዋ ናት። ድንጋዮቹ ለብቻቸው በወረቀት ተጠቅልለዋል።

«ሲታመም ‹ያቺ ልጅ እናቴ የረገመችኝ ነው የሚመስላት› አለኝ። ‹እኔ ላየው አልችልም። አንድ ቀን ስትመጣ አንቺ አሳያት፤ ተርጉሚላት› አለኝ።»

አዲስ ድንጋይ ከተቱባት። ያቺ ትንሽ መስታወት በራች። እማማ ይርገዱ ደጃፋቸው ላይ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። እትዬ ምሕረት በዝግታ ይተረጉሙልኝ ጀመር።

«‹ብርሃኑ ልጄ› ትላለች። ‹ይህን ሸሚዝህን አውቀዋለሁ፤ አምና ለብሰኸው ነበር። ከእግርህ ሥር የምታልፈውንም ድመት አውቃታለሁ። በሕይወት ብትኖር አዲስ ፊት ሳትልክልኝ መስቀልን አታሳልፍም። ሦስት ቀን ዝም አልኩህ፤ ይቅር በለኝ። ልጆቹ እየዘፈኑ ነበር። ከሩቅ የመጣች እንግዳም ነበረችብኝ።›»

እንግዳዋ እኔ ነኝ። እሳቸውን ለማታለል የሄድኩትን እኔን ላለማስከፋት ብለው ነው ሦስት ቀን የልጃቸውን ሞት የያዙት። እትዬ ምሕረት እጄን ያዙኝ። በመስታወቷ ውስጥ እማማ ይርገዱ ዓይናቸውን ከፍ አደረጉ።

«አሁን ለሱ ነው የምትለው» አሉኝ። «‹አንተስ ዘበርጋ፣ ከዚያች ሳሙና ጀርባ ምን ትሠራለህ? የሞተው ያንተም ወንድም ነው። በጀርባህ ያዘልከው ነው። ለኔ ብለህ አንድ ወር ሙሉ ዕንባህን ውጠሃል። አስቀምጣትና ና። እናትህ ቆሜ ብቻህን አታልቅስ።›»

ምስሉ ተናጋ፤ ሣር ሆነ፤ ከዚያ ሰማይ ብቻ ሆነ። ካሜራዋ ሣሩ ላይ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ተኝታለች። ሰው አይታይም። «አዶት!» የሚል የጋሽ ዘበርጋ ድምፅ ብቻ አለ፤ እናቴ ማለት ነው፤ ደጋግሞ «አዶት!»፣ ከሱ ጋር የእናታቸው ድምፅ፣ ቀስ በቀስም የመንደሩ ሁሉ። ያንን የሚያጠፋ አልነበረም። ድንጋዮቹ እስኪያልቁ ድረስ ትቀርጻለች። በሕይወታቸው ባትሪ ማውጣት የረሱት ያን አንድ ቀን ነው።

ጋሽ ዘበርጋ በዚያች ካሜራ ውስጥ አንድም ቦታ ፊት የላቸውም። ድምፅ ብቻ ናቸው። አላስፈራኝም። እትዬ ምሕረት ሊያጠፏት እጃቸውን ሲዘረጉ ያዝኳቸው።

«ይድገሙልኝ» አልኳቸው።